ኬላው በተከፈተ ጊዜ፤ ነጻ ንግድና የወላይታ ምድር

«ኬላ» የሚለው ቃል በነጋዴና በመንገደኛ ዘንድ የተወደደ ቃል አይደለም። ጭነት የሚፈታበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ዝናብ በራስ ላይ እየወረደ ተራ የሚጠበቅበት ስፍራ ማለት ስለ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ሲያማው ኖሯል። በወላይታ ግን ኬላ ሲባል ከዚህ ሌላ የሚታወስ ነገር አለ። ካዎ አማዶና ካዎ ኢጃጆ የተባሉት የወላይታ ነገሥታት አገራቸውን ከጠላት ለመጠበቅ ያሠሩት ረጅም ካብ እስከ ዛሬ ድረስ የአማዶ ኬላ፣ የኢጃጆ ኬላ እየተባለ በስማቸው ይጠራል። ካቡ የተካበው ጦረኛን ለመከልከል ነበር። ዳሩ ግን ካብ ከቆመ ዘንድ ማን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ የሚወስነው በሩን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ዛሬ በአፍሪካ ውስጥ የሚደረገው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። መንግሥታት ተሰብስበው በመካከላቸው የቆመውን የቀረጥ ኬላ ለማንሣት ውል ተፈራርመዋል። ስለ ውሉ ጥቅም ብዙ ተነግሯል፣ ብዙም ተጽፏል፤ እኛም ጥቅሙን ለመካድ አልተነሣንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከዚያ የጠበበ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በር በተከፈተ ጊዜ ከበሩ በስተ ኋላ የሚቀረው መሬትና በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ለዘለቄታው ምን ይሆናል? የሚል ነው። በአውሮፓ ይህን ጥያቄ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ አድርገውታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የንግድ ውል ከመፈራረሙ አስቀድሞ ውሉ በኑሮ፣ በአፈርና በውኃ ላይ የሚያመጣውን ውጤት የሚያስጠናበት ሥርዓት አቁሟል። ለእኛ ግን መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የወላይታ በር ባለፉት 130 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለ ተከፈተ፣ የዚህች አገር ታሪክ ራሱ እንደ ጥናት መዝገብ ሊነበብ ይችላል።

ወላይታ በምዕራብ የኦሞ ወንዝ፣ በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ፣ በደቡብ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኗት፣ በመካከሏ የዳሞታ ተራራ የቆመባት አገር ናት። ሶዶ ከተማ በዚሁ ተራራ ሥር የምትገኝ ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። የገጠሩ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ብዙው ገበሬ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረው ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ነው።

በዚህ ጠባብ መሬት ላይ የወላይታ ገበሬ ሁለት ዓይነት እርሻ ለይቶ ያውቃል። ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ ፍግና አመድ በየቀኑ ሲደፋበት የኖረውን ጥቁር ለም አፈር ዳርኳ ይለዋል። በወላይትኛ ኡታ የሚባለው እንሰት፣ ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚገኙት በዚያ ነው። ከቤት ራቅ ብሎ ያለው፣ በቆሎና ማሽላ፣ ጤፍም የሚዘራበት መሬት ደግሞ ሾቃ ይባላል። በኪንዶ ኮይሻ የአፈርን ለምነት ያጠኑት እያሱ ኤልያስ እንዳሳዩት፣ ዳርኳው ለምነቱን ጠብቆ ሲኖር ሾቃው በየዓመቱ ከሚያገኘው የበለጠ ያጣል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በሬውና ላሟ የሾቃውን አገዳና ገለባ በልተው ፍጉን የሚጥሉት በቤት ነው፤ ፍጉም ከበረት ወጥቶ የሚደፋው በቅርቡ ባለው ጓሮ ላይ ነው። ስለዚህ ሾቃው ዳርኳውን ይቀልባል ማለት ነው።

አንባቢ ይህን ነገር ልብ ብሎ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚታየው በዚህ መስኮት ነውና። አንድ ኩንታል እህል ተጭኖ ወደ ገበያ በሄደ ጊዜ ከአፈሩ የሳበውን ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ይህ ጉልበት በሌላ መንገድ ካልተተካ ዋጋው በነጋዴው ሚዛን ላይ አይታይም፤ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ ነው። እንሰት ደግሞ በአንጻሩ ለዓመታት ቆሞ የሚያድግ፣ ችግር ሲመጣ ተቆርጦ ቆጮና ቡላ የሚሆን፣ አብዛኛውም በዚያው በቤት የሚበላ ተክል ስለ ሆነ በጉምሩክ መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም። የወላይታን ሕዝብ ክፉ ቀን ሲያሻግር የኖረው ዋና ሀብት የንግድ ሊቃውንት በሚያነቡት ሰንጠረዥ ላይ ምንም ማለት ነው።

የመጀመሪያው መከፈት በስምምነት የመጣ አልነበረም። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል አድርጎ ወላይታን ያዘ። ጦርነቱ በዚያ ዘመን ከተደረጉት ዘመቻዎች ሁሉ ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ነበር። ጦሩን ተከትሎ የሄደው ቫንደርሄም የተባለው ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ በፓሪስ አሳትሟል፤ ከጻፈውም ውስጥ ስለ ምድሩ መልማትና ስለ እርሻው ማማር የሚናገረው ክፍል፣ ስለ እልቂቱ ከሚናገረው ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ልብን ያሳዝናል። በምርኮ የተነዳው ከብትም እጅግ ብዙ ነበር። የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ሲያነሡ ስለ ምርኮው ብዛት ይናገራሉ፤ እኛ ደግሞ ከዚህ በላይ ስለ ዳርኳና ስለ ሾቃ ያልነውን እናስታውስ። ከብት ከሌለ ፍግ የለም፤ ፍግ ከሌለ ዳርኳ የለም። በአንድ ዘመቻ የተነዳው ከብት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊሰበሰብ የነበረውን ምርት ይዞ ሄዷል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ወላይታ ንግድ አልባ አገር አልነበረችም። ጊያ የሚሉት ገበያቸው በየሳምንቱ ይቆም ነበር፤ ከአፋር በረሓ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በብዙ ነጋዴ እጅ አልፎ እስከ ኦሞ ማዶ ይደርስ ነበር። ከ1887 ዓ.ም. በኋላ የድንበሩ ካብ ትርጉም አጣ። ኬላ ግን አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። በየገዢው ግዛት ወሰን ላይ የሚቀረጥበት ኬላ ስለ ቆመ ነጋዴው አንዱን ጭነት ደጋግሞ ሲገበርበት ኖረ፤ ገበሬውም ገባር ሆኖ ማርና እህል፣ ጉልበቱንም ጭምር ይሰጥ ጀመር። በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጉምሩክ ገቢ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት እየተሰበሰበ፣ ከነጻነት በኋላም የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራውን አጠቃሎ ሲይዝ፣ የውስጡ ኬላዎች ቀስ በቀስ ተነሡ። ኢትዮጵያ በገዛ ወሰንዋ ውስጥ አንድ ነጻ ገበያ የሆነችው በዚህ ሁኔታ ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው የምናነሣው፤ ነጻ የንግድ ቀጣና የሚባለው ነገር ለእኛ ከውጭ የመጣ አዲስ አሳብ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መከፈት በመኪና መንገድና በማዳበሪያ ከረጢት የመጣው ነው። በ1962 ዓ.ም. የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛው አጠራር በአጭሩ ዋዱ የተባለው፣ በዓለም ባንክ ብድር ሥራውን ጀመረ። ከእርሱ በፊት በ1959 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በጭላሎ የተጀመረው ካዱ ነበር። ዋዱ ለገበሬው የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፤ መንገድ አወጣ፤ ከደጋው መጣበብ የተነሣ መሬት ያጡትን ሰዎች በአበላና በበሌ ቆላ አሰፈረ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ገበሬ የሾቃውን ምርት አሳድጓል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ዳሩ ግን ማዳበሪያው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነበርና የዓለም ገበያ የተናጋ ዕለት ወላይታም ትናጋለች። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲወጣ የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለ ቀረጥና ስለ ነዳጅ ሰምቶ የማያውቅ የቦሎሶ ገበሬ ከሩቅ አገር የተወሰነውን ዋጋ በሶዶ መጋዘን ደጃፍ ላይ ከፈለ። ድርጅቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተጠቃሎ በስሙ መኖሩ አበቃ። በወላይታ የተደረጉትን የልማት ሥራዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመረመሩት ደሳለኝ ራሕመቶ የጻፉትን ላነበበ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ድርጅቶች መጡ፣ ሄዱም፤ የገበሬው ድህነት ግን በቦታው ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ አገሪቱን በመታ ጊዜ ወላይታ ከተጎዱት ውስጥ ነበረች። ዐይን ሲያየው አረንጓዴ በሆነ አገር ሰው የሚራብበት ምክንያት እንግዳውን ሁሉ ግራ ሲያጋባ ኖሯል።

በዚህ መካከል በአፍሪካ ውስጥ የመንግሥታት ውል እየበዛ ሄደ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም. በሉሳካ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የቀረጥ ቅናሽ ውል ተፈረመ፤ ከእርሱም በኋላ ኮሜሳ የሚባለው የጋራ ገበያ ተወለደ። ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ዘጠኝ የኮሜሳ አባሎች ነጻ የንግድ ቀጣና ሲያቆሙ ኢትዮጵያ የቀረጥ ቅናሽ ብቻ ሰጥታ ከቀጣናው ውጭ ቆየች። ከዚያም መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ 44 መንግሥታት የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ፈረሙ፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ውሉ ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ጸና፤ በውሉ መሠረት መነገድ የተፈቀደውም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ፊርማዎቹን በዚህ አጭር አነጋገር አልፈናቸዋል፤ የፊርማ ታሪክ በየቢሮው ስለሚገኝ ነው። ይልቅስ ከውሉ ሁሉ በፊት ስለ ሄደው ስለ አንድ ሥር እንናገር።

ዝንጅብል በወላይታና በአጎራባቹ በከምባታ ጠምባሮ የብዙ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነበር። በቦሎሶ ቦምቤ፣ በቦሎሶ ሶሬና በሐዳሮ በኩል ባሉ ቀበሌዎች ገበሬው ዝንጅብሉን ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ ለነጋዴ ይሸጥ ነበር። ነጋዴውም ከአገር ውስጥ ገበያ አልፎ ወደ ሱዳን፣ ወደ የመንና ወደ ሌሎች አገሮች ይልከዋል። በዚህ ገንዘብ የሣር ቤት በቆርቆሮ ተለወጠ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ተከፈለ። ግማሽ ሄክታር ለሌለው ሰው ከጥቂት ጥማድ ማሳ ይህን ያህል ገንዘብ የሚሰጥ ሌላ ሰብል ማግኘት ከባድ ነው። በ2003 ዓ.ም. አንድ ገምጋሚ መጥቶ የዝንጅብል ንግድ ለዘለቄታው ምን ውጤት እንዳለው ቢጠየቅ ኖሮ፣ የገቢውን ማደግ አይቶ መልካም ነው ብሎ በጻፈ ነበር። ያየውም እውነት በሆነ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ግን ዝንጅብሉ መጠውለግ ጀመረ። ቅጠሉ ከሥር ወደ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ሥሩ በመሬት ውስጥ በስብሶ ይገማል። በሽታው ራልስቶንያ ሶላናሲያረም የምትባል ባክቴሪያ የምታመጣው ነው። ብዙ ገበሬ ሰብሉን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አጣ። ከሁሉ የሚከፋው ባክቴሪያዋ በአፈር ውስጥ ለዓመታት የምትቆይ መሆኗ ነው፤ አንድ ማሳ አንድ ጊዜ ከተበከለ በሚቀጥለው ክረምት ቢተክሉበትም ያው ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ዝንጅብል በፍሬ አይዘራም፤ የሚተከለው የሥሩ ቁራጭ ነው። ዋጋው በወጣ ቍጥር አዲስ ገበሬ ሊተክል ይፈልጋል፤ የሚተክለውንም ሥር ከጎረቤቱ ወይም ከገበያ ይገዛል። ስለዚህ ለሽያጭ የሚሄደው ሥርና ለዘር የሚሄደው ሥር በአንድ ከረጢት፣ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። በሽታውም በዚሁ መንገድ፣ በተበከለ ሥር፣ በዶማና በጎርፍ ከማሳ ወደ ማሳ ሄደ። ንግዱን ያበዛው ነገር በሽታውንም አበዛው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ጥቅሙን በአንድ ዓምድ፣ ጉዳቱን በሌላ ዓምድ ጽፎ አንዱን ከአንዱ የሚቀንስ ግምገማ የነገሩን ባሕርይ የሚያገኘው አይመስለንም። ሁለቱ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ሊመረመር የሚገባው መንገዱ ነው፤ ማለት፣ ንጹሕ ዘር የሚያባዛ አለ ወይ? በበሽታ የተያዘ ሥር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው እንዳይሻገር የሚያግድ አለ ወይ? ለቀረጥ የሚሆነው ኬላ ቢነሣ መልካም ነው፤ ለበሽታ የሚሆነው ኬላ ግን ቀድሞ መቆም ነበረበት።

በሽታ ያለ ቀረጥ የሚጓዝ መሆኑን ከእንሰትም ታሪክ እናገኛለን። የእንሰትን አጠውላጊ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም የገለጡት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው። ያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ በሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛንያና ወደ ኬንያ ተዛመተ። ውሎቹ ገና በቀጠሮ ላይ ሳሉ ባክቴሪያው አካባቢውን አንድ ገበያ አድርጎት ነበር።

ከወላይታ የሚወጣ፣ ክብደት የሌለው ሌላ ሸቀጥ ደግሞ አለ። ከሶዶ ተነሥቶ በደቡብ በኩል እስከ ኬንያ፣ ሱስዋ እስከሚባለው ስፍራ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ የ500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ተሠርቷል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ሊሸከም ይችላል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ድርጅቶች የ25 ዓመት የሽያጭ ውል ተፈራረሙ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በ200 ሜጋ ዋት ሽያጩ ተጀመረ። የአማዶ ካብ በቆመበት አገር ዛሬ የጎረቤት መንግሥት መብራት የሚበራበት በር ተከፍቷል። ይህ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነው፤ ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች፣ ኬንያም ከምታቃጥለው ዘይት ትቀንሳለች።

ይህ ኃይል ከሚመነጭባቸው ግድቦች አንዱ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገደበው ግልገል ጊቤ ሦስተኛ ነው። ቁመቱ 243 ሜትር፣ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ሲሆን በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ኦሞ በየክረምቱ እየሞላ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ፣ ውኃው ሲሸሽ በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ የኖሩ እንደ ሙርሲና ዳሰነች ያሉ ሕዝቦች በታችኛው ሸለቆ አሉ። የቱርካና ሐይቅም ከሚገባለት ውኃ ከ80 በመቶ የሚበልጠውን የሚያገኘው ከዚሁ ወንዝ ነው። ግድቡ ሙላቱን ይይዘዋል። ለዚህም መፍትሔ እንዲሆን በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ታስቦ ነበር። ዩኔስኮ ግን በ2010 ዓ.ም. የቱርካናን ሐይቅ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ አገባቸው።

እኛን በዚህ ነገር ከሁሉ የሚያሳስበን የቀኑ ቅደም ተከተል ነው። የግድቡ ሥራ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የተጽዕኖ ጥናቱ ተጠናቆ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። ይህን የምንለው ግድቡ ባልተሠራ ለማለት አይደለም፤ መብራት የማይወድ ሰው የለም። ሆኖም ድንጋይ ከተፈለጠ በኋላ የሚቀርብ ጥናት ምንም ያህል በጥበብ ቢዘጋጅ ሥራው ማጽናኛ መፈለግ ይሆናል። ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የሰሜን አሜሪካ ነጻ የንግድ ውል በጸና ጊዜ ለሜክሲኮ የበቆሎ ገበሬዎች 15 ዓመት የሚቆይ መከላከያ በውሉ ተጽፎላቸው ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት ግን ከተወሰነው መጠን በላይ የገባውን በቆሎ ሳይቀርጥ ስላስገባው መከላከያው ገና ከጅምሩ በወረቀት ላይ ቀረ፤ የአሜሪካም በቆሎ በብዛት ገባ። ውሉን ያነበበ ገምጋሚ አንድ ነገር አየ፤ ገበሬው ያገኘው ሌላ ነው።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ የከፋ ነው እንዳይባል በዚያው በወላይታ ውስጥ የተገኘ ሌላ ምሳሌ አለ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሑምቦ ይገኛል። በዚያ ያለው ተራራ ለከሰልና ለማገዶ ሲቆረጥ ኖሮ ተራቁቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን ከነዋሪዎቹ ጋር 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ለማዳን ተነሣ። ዘዴው አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ በመሬት ውስጥ ያልሞተውን ጉቶ መንከባከብ ነበር፤ ከሚበቅሉት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጦ፣ የቀሩትን ገርዞ፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል ነው። ቶኒ ሪናውዶ የተባሉት አውስትራልያዊ የግብርና ባለሙያ ይህን ዘዴ በኒጀር ሲሠሩበት ቆይተው ነበር። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ መጀመሪያ ላይ መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብለው የፈሩ ብዙ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውም ካዩት ነገር የመነጨ ስለ ነበረ አይፈረድባቸውም።

ታዲያ ይህ ከንግድ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል አይጠፋም። የሑምቦ ሰዎች የሸጡት ነገር ዛፉ ከአየር የሚሰበስበውን ካርቦን ነው። ሥራው በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። እስከ ዛሬ ከወላይታ ከወጡት ሸቀጦች መካከል ከመሬቱ ሳይነቀል የተሸጠ ይህ አንዱ ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሳበን ሌላ ነገር ነው። በሑምቦ አንድ ቀንበጥ ከመገረዙ በፊት ተራራው ተለካ። ስንት ዛፍ እንዳለ፣ ምን ያህል መሬት ባዶ እንደ ሆነ፣ ከብት የሚያሰማራውና እንጨት የሚለቅመው ማን እንደ ሆነ ተጻፈ። በኋላም በየጊዜው እየተለካ ቀጠለ።

ይህ ትጋት ከየት መጣ? የሑምቦ ሹማምንት ከሌላው ወረዳ ሹማምንት በተለየ ሁኔታ ጠንቃቆች ስለ ሆኑ አይመስለንም። ገዢው ያልተለካ ነገር አልገዛም ስላለ ነው። በዝንጅብሉ ግን ገዢው የጠየቀው የደረቀውን ሥር ጥራት ብቻ እንጂ ሥሩ ስለ በቀለበት አፈር አልነበረም። በኤሌክትሪኩም ገዢው የሚቆጥረው ሜጋ ዋቱን ነው። ልኬት ክፍያ በሚያዝበት ቦታ ይደረጋል፤ ክፍያ በማይያዝበት ቦታ ግን ለመልካም ፈቃድ ይተዋል። ንግድና ዘላቂነትን በአንድነት የሚያነሡ ጉባኤዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ጥናቱ ዘዴ ይከራከራሉ። ከወላይታ ታሪክ የምንረዳው ግን የዘዴ እጥረት እንደሌለ ነው። የአፈር ለኪዎች አሉ፤ በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በሶዶም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። የጎደለው መለካቱን ግዴታ የሚያደርግ ቃል በውሉ ውስጥ መግባቱ ነው።

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ በአህጉራዊው ስምምነት መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሸቀጦች መላክ ጀመረች። ወላይታ ከዚህ ንግድ የምታገኘውን ስናስብ ዐይናችን የሚያርፈው በቦሎቄ ላይ ነው። ቀይ ወላይታ ተብሎ በስሟ የሚጠራ የቦሎቄ ዝርያ አለ፤ በኬንያም ቀይ ቦሎቄ የየዕለት ምግብ ስለ ሆነ ገበያው ዝግጁ ነው፤ በሞያሌም ሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ከፍተዋል። ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን እየሳበ በመጠኑ ራሱን የሚረዳ ሰብል ስለ ሆነ ከበቆሎ ይልቅ ለአፈር ይራራል፤ ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮም ይዘራል። ስለዚህ ተስፋ የሚጣልበት ሰብል ነው።

ነገር ግን ዋጋው በወጣ ጊዜ ገበሬው መሬት ከየት ያመጣል? ሾቃው አስቀድሞ ተይዟል። የሚቀረው ዳርኳው ነው፤ በዳርኳው ላይ የቆመው ደግሞ እንሰት ነው። ብዙ ዓመት ያደገ እንሰት ተቆርጦ በሦስት ወር በሚደርስ ቦሎቄ ቢተካ የወጪ ንግዱ ሰንጠረዥ ያድጋል፤ የጠፋው ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም። ይህ ይሆናል ብለን አንተነብይም፤ የዝንጅብሉን ዘመን ያየ ገበሬ ከማናችንም የበለጠ ጠንቃቃ ነውና። ሆኖም ሆነ አልሆነ ለማወቅ እያንዳንዱ ቀበሌ ዛሬ ስንት እግር እንሰት እንዳለው፣ የሾቃው አፈር በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ፣ የዘር ቦሎቄው ከማን እጅ እንደሚመጣ መጻፍ ያስፈልጋል። ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ በየወረዳው ያሉት የግብርና ሠራተኞችና በየትምህርት ቤቱ ያሉት መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊያደርጉት ይችላሉ። በወላይታ ቦሎቄ በበልግ ዝናብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራል። ቆጠራው መደረግ ያለበት ከዚያ በፊት፣ በጥርና በየካቲት፣ ማሳው ገና ባዶ ሳለ ነው።